«የአባቴን መስኮት ላስነቅል ወይስ ሽማግሌዎቹ ወደ አክስቴ ቤት ይሂዱ?»

ባለፈው ሳምንት ስለ ጠባብ ክፍልና ስለ ትልቅ ሶፋ ያወጋነውን ተከትሎ ደብዳቤው ጎርፏል። የሶፋውን ነገር ለሌላ ቀን እናቆየው። ዛሬ አንዲት ደብዳቤ ብቻዋን ገጹን ልትይዘው ነው፤ ሳነባት ሆዴን ባር ባር አለኝ።

ጸሐፊዋ የሀያ አምስት ዓመት ወጣት ናት። የምትኖረው እዚሁ ሀዋሳ ሲሆን ሰፈሯን እንዳልጠራ አደራ ስላለችኝ አልጠራም። እንዲህ ትላለች፦

«አባቴ ከሞተ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። እናቴ እንጀራ እየጋገረች፣ ለሰው እየሸጠች እኔንና ወንድሜን ለዚህ አደረሰችን። ቤታችን አባቴ በገዛ እጁ የሰራው የጭቃ ቤት ነው። ድሮ በአጥር ስለተከለለ ከመንገድ አይታይም ነበር። መንገዱ ሲሰፋ አጥራችን ፈርሶ የቤቱ ፊት ከነአራት መስኮቶቹ አላፊ አግዳሚ የሚያየው ሆነ። ግራና ቀኝ ያሉት ጎረቤቶቻችን በብሎኬት ገንብተው አሉሚኒየም ገጥመዋል። የኛ መስኮት የእንጨት ነው። ቀለሙ ተላጧል፤ ዙሪያው ተሰነጣጥቋል። የምወደው ልጅ በወር ከአስራ አምስት ቀን ውስጥ ሽማግሌ ሊልክ ነው። ያጠራቀምኳት ትንሽ ገንዘብ ስላለችኝ መስኮቶቹን በአሉሚኒየም ልቀይራቸው ብል እናቴ ‹አባትሽ በእጁ የገጠመው መስኮት እኔ በቁሜ እያለሁ አይነቀልም› አለችኝ። ተናደድኩና ሽማግሌዎቹ አክስቴ ቤት እንዲመጡ ለልጁ ነገርኩት። አክስቴ ፎቅ ቤት አላት። እናቴ ይህን ከሰው ሰማች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ምግብ ታቀርብልኛለች እንጂ አታናግረኝም። ምን ላድርግ?»

ከደብዳቤው ጋር አንድ ፎቶግራፍ አለ። በጀርባው የመስኮቶቹን ልክ በእስኪርብቶ ጽፋበታለች፤ እያንዳንዱ 1 ሜትር በ1 ሜትር ከ20። (እንዲህ ያለ ጠያቂ ያብዛልኝ! ስንቱ ነው «ቤቴ ምን ይሁን?» ብሎ ቤቱ ክብ ይሁን ካሬ እንኳ የማይነግረኝ።)

እህቴ፣ ፎቶሽን ሳየው ሳቅሁ። እንዳትቀየሚኝ፣ የሳቅሁት በራሴ ነው። የአስራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ ከትምህርት ቤት ስንመለስ ጓደኞቼን የምሰናበተው ከኛ ቤት ሶስት በር ቀደም ብሎ ካለ ባለ ሰማያዊ በር ግቢ ፊት ነበር። «ቻው» ብዬ የሰው በር ተደግፌ እቆማለሁ፤ ጓደኞቼ ኩርባውን ሲታጠፉ ሹልክ ብዬ ወደ ቤቴ! አንድ ቀን የግቢው ባለቤት ብቅ አሉና «የኔ ልጅ፣ በየቀኑ እዚህ የምትቆመው ማንን ፈልገህ ነው?» አሉኝ። ጓደኞቼ ገና አልራቁም ነበር። ያን ቀን መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

የኛም ቤት የጭቃ ነበር። በዚያው ክረምት ከአንድ ጓደኛዬ ጋር ሆነን የመስኮቶቹን ዙሪያ በሲሚንቶ ለሰንነው፤ በአራተኛው ቀን ሰማያዊ የዘይት ቀለም ገዝተን ለቀለቅነው። ሁለት ቀን አማረ። በሳምንቱ ቀለሙ ውሃ እንደቋጠረ ቁስል አብጦ እየፈነዳ መርገፍ ጀመረ። እናቴ ወጥታ አየችና «ይሄ ቤት ፈንጣጣ ወጣበት እንዴ?» አለች። ትኩስ ሲሚንቶ ውስጡ እርጥበት አለው፤ የዘይት ቀለምን የሚበላ ባህርይም አለው። 28 ቀን ያህል ሳይቆይ የዘይት ቀለም አይቀባም። ይህን ያወቅሁት ግን ቀለሙ ከረገፈ በኋላ ነው።

ስለዚህ በዚህ ጉዳይ በራሴ ጭንቅላት ብቻ አልተማመንኩም። ፎቶሽን ይዤ እንጨት ቤት ያላቸው አንድ ሽማግሌ አናጢ ዘንድ ሄድኩ። መነፅራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ፎቶውን አስጠግተው አዩት።

«ማነው ይሄን ንቀሉ ያለው?» አሉኝ።

«ልጅቷ ናት፣ ጋሼ። አርጅቷል ብላ።»

«የቱ ነው ያረጀው? እስቲ አሳየኝ!»

ጣቴን መስኮቱ ዙሪያ ያለው ስንጥቅ ላይ አሳረፍኩ። ጋሼ ሳቁ። «እሱ መስኮት ነው? እሱኮ ክፍተት ነው!» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። እንጨት በክረምት እርጥበት ጠጥቶ ያብጣል፤ በበጋ ይኮማተራል። ጭቃ ደግሞ ሲደርቅ ይሸሻል። በመቃኑና በግድግዳው መካከል ስንጥቅ የሚፈጠረው ሁለቱ አብረው ስለማይተነፍሱ ነው። በስንጥቁ አቧራ ይገባል፣ ውሃ ይገባል፣ ምስጥም መንገድ ያገኛል። የመስኮት ክፈፍ የሚባለው ነገር ለጌጥ ብቻ አይደለም። ይህን ስንጥቅ ለመሸፈንም ነው።

ክፈፍ ስል ምን ማለቴ እንደሆነ ላልገባችሁ፦ መቃኑ የቆመበትን ግድግዳ በሶስትና በአራት ጎን ዞሮ የሚይዘው ዳር ነው። ከጣውላ ሊሰራ ይችላል፤ ከልስንም፤ ከድንጋይም። ለመስኮት ክፈፉ ለዓይን እንደ ኩል ነው በሉት። ዓይኑ ያው ዓይን ነው፤ ሲኳል ግን ከሩቅ ይታያል።

ደግሞ ከፈረንጅ የመጣ እንዳይመስላችሁ! በ1997 ዓ.ም. ከሮም የተመለሰውን የአክሱም ሐውልት አስታውሱት። 24 ሜትር የሚቆም ድፍን ድንጋይ ነው፤ ውስጡ ሰው የሚኖርበት ክፍል የለውም። ግን ከታች የውሸት በር፣ ከላይ ከፎቅ ፎቅ የውሸት መስኮት ተቀርጾበታል፤ መስኮቶቹም ከነክፈፋቸው! ላሊበላም ብትሄዱ ከዐለት የተፈለፈሉት አብያተ ክርስቲያናት መስኮቶች በማዕዘናቸው ብቅ ብቅ ያለ የእንጨት ጫፍ የሚመስል ነገር አላቸው። ዐለት መቃን አያስፈልገውም እኮ። ጠራቢዎቹ ግን የእንጨት ክፈፍ የሌለው መስኮት መስኮት አልመስል ብሏቸው በድንጋይ አስመስለው ሰሩት። የጎንደር ፋሲል ግንብም በርና መስኮቶቹ ዙሪያ ቀላ ባለ ድንጋይ የተከበቡ ናቸው። ታዲያ አንቺ በአባትሽ የእንጨት መቃን የምታፍሪው ስለምንድነው?

ጋሼ አንድ ሌላ ነገርም አሉኝ። መዝጊያው ቀለሙ በተላጠበት ቦታ ሲያዩት እንጨቱ ዋንዛ ሊሆን ይችላል ብለው ጠረጠሩ። «በቢላ ጫፍ ትንሽ ትፋቀውና ትየው። ዋንዛ ከሆነ ሳይሆን ለሰው እንዳትነግር፣ ይሰረቃል!» ብለው ቀለዱ። ዋንዛ ከመንግስት ደን እንዳይቆረጡ በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ከከለከላቸው አራት ዛፎች አንዱ ነው፤ ሌሎቹ ኮሶ፣ ዝግባና ጥድ ናቸው። ዛሬ የዋንዛ መስኮት አሰራለሁ ብትዪ ያጠራቀምሻት ገንዘብ ለአንዱም ላትበቃ ትችላለች። አንቺ አራት አለሽ፤ ልትነቅያቸው!

መቼም የአሉሚኒየም ጠላት ነኝ እንዳትሉኝ። ለብሎኬት ቤት ጥሩ ነገር ነው። ምስጥ አይበላውም፣ ቀለም አይፈልግም። የጭቃ ቤት ላይ ግን ነገሩ ሌላ ነው። በጭቃ ቤት መቃኑ ከግድግዳው ቋሚ እንጨቶች ጋር በምስማር የተያያዘ ነው። እሱን ስትነቅዪ ዙሪያውን ያለው ምርጊት አብሮ ይወርዳል፤ ግድግዳው ያረጀ ከሆነ ቋሚውም ይላላል። ቀዳዳው ደግሞ በውሃ ልክ ሲታይ አንድም ጎኑ ቀጥ ያለ አይሆንም፤ አሉሚኒየም ደግሞ ጠማማ ቀዳዳ አይወድም። አራቱ መስኮቶችሽ ሲደመሩ 4.8 ካሬ ሜትር ናቸው። አሉሚኒየም ቤቶች በካሬ ነው የሚያስከፍሉት። በዚያ ላይ የተናደውን ግድግዳ መመለሻ አለ። (ዋጋውን አልጽፍም፤ ይህ ጋዜጣ ከማተሚያ ቤት እስኪወጣ ይለወጣል።) ይህ ሁሉ ከሆነ በኋላ ቀጭኑ ፍሬም ግድግዳው ላይ ልጥፍ ብሎ ያለ ክፈፍ ይቀራል። ልኳል ብላ ዓይኗን አጠፋች የሚባለው ይሄኔ ነው።

እና ምን ይሁን? ጋሼና እኔ ቡና እየጠጣን የተስማማንበትን ልንገርሽ።

መጀመሪያ ስንጥቁን ጭድ በገባበት፣ ደህና አድርጎ በቦካ ጭቃ ድፈኚው። ሲሚንቶ አይደለም! ሲሚንቶ ከጭቃ ጋር አይዋደድም፤ ጥቂት ቆይቶ እንደ ቅርፊት ይነሳል። ከደረቀ በኋላ 12 ሳንቲ ሜትር ወርድ፣ 2 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ጣውላ ከላይና ከሁለቱ ጎን ይገጠማል። ምስማሩ መቃኑን ይያዝ፤ ጭቃውን አይንካ። እንዲህ ሲሆን እንጨቱ ሲያብጥና ሲኮማተር ጣውላው አብሮት ይሄዳል፤ ስንጥቁም ከስሩ ተደብቆ ይቀራል። ለአንድ መስኮት 3 ሜትር ከ65 ሳንቲም ገደማ ጣውላ ይፈጃል፤ ለአራቱ ከነብክነቱ 17 ሜትር ብትይዢ አያንስሽም።

ለምን 12 ሆነ ካልሽኝ፣ ያንቺ መስኮት ልክ ስለሆነ ነው። ከአራት ጣት ካነሰ ከመንገድ ሲያዩት ክር ይመስላል። ስንዝር ከሞላ ደግሞ ቤቱ መነፅር ያደረገ ይመስላል። እኔ የቤቶችን ፊት እያየሁ መሄድ ልማዴ ነው፤ ሀዋሳ ውስጥ በጣም የሚያስቀኝ ይሄ መነፅራም ቤት ነው። በተለይ ወርቅማ ቀለም የተቀባው!

ፎቶሽ ላይ ያየሁትን አንድ ነገርም ልጠቁምሽ። በስተቀኝ ያለው የመጨረሻው መስኮት ከሌሎቹ ትንሽ ዝቅ ብሏል። አባትሽ ያን ቀን ደክሟቸው ይሆናል፤ ነፍሳቸውን ይማር። ማንም ሳያውቅብሽ ይስተካከላል። የዚያን መስኮት የላይኛውን ጣውላ ሰፋ አድርገሽ የላይኛው ጠርዙ ከሌሎቹ ጋር አንድ መስመር ላይ እንዲውል አድርጊው። ዓይን የሚያነበው የላዩን መስመር ነው። አራቱ ክፈፎች በአንድ ክር ላይ ከዋሉ ቤቱ ራሱ የቀና ይመስላል።

ከሁሉ የከበደኝ የታችኛው ነው። ብዙ ሰው የመስኮቱን ላይና ጎን አሳምሮ ታቹን ይረሳል። የጭቃ ቤት የሚሞተው ግን ከመስኮቱ ስር ነው። ዝናቡ መዝጊያውን መትቶ ይወርድና ከመስኮቱ በታች ያለውን ግድግዳ በየዓመቱ እየላሰ ይበላዋል። በፎቶሽ ላይ ከሁለት መስኮቶች ስር ምርጊቱ የጎደጎደው ለዚህ ነው። ስለዚህ የታችኛው ደፍ ከግድግዳው 4 ሳንቲ ሜትር ያህል ወጣ ብሎ፣ ወደ ውጭ ዘንበል ብሎ መሰራት አለበት። እዚህ ላይ ሲሚንቶ ይቻላል፤ ግን የዶሮ ሽቦ በምስማር ተወጥሮ በሱ ላይ ይለሰን። ከደፉ ሆድ ስር ደግሞ ጠባብ ቦይ ይውጣለት፤ ሲለሰን ቀጭን የእንጨት ዘንግ ከስር ይቀመጥና በኋላ ይነሳል። ቦዩ ከሌለ ውሃው ጫፉ ላይ አይንጠባጠብም፤ በሆዱ ተሳቦ ተመልሶ ጭቃው ውስጥ ይገባል። ትንሽ ነገር ትመስላለች፤ ያለሷ ግን የቀረው ሁሉ ከንቱ ነው።

ቀለሙን በተመለከተ ለክፈፉ ብቻ አንድ ሊትር ጣሳ ይበቃሻል፤ መዝጊያዎቹን ከጨመርሽ ሌላ ያስፈልጋል። ጣውላዎቹን ከመገጠማቸው በፊት መሬት ላይ አስተኝተሽ ጀርባቸውንም ቀቢ፤ እርጥበት የሚገባው በጀርባ ነው። ምስጥ ፈርቶ የተቃጠለ የሞተር ዘይት የሚቀባ ሰው አለ። ይቀባ፣ ግን በላዩ ቀለም አልደርብ ማለት አለበት፤ አይዝለትም። የቱን ቀለም ላድርግ ካልሽኝ ነጩን አልመክርሽም፤ በበጋ ባንድ ሳምንት ዓመዳም ይሆናል። ግድግዳው ፈዘዝ ያለ ክሬም ሆኖ ክፈፉ ጠቆር ያለ ቡና ቢሆን ለኔ ያምረኛል። ነገር ግን የቤትሽ ፊት ወደ ሐይቁ፣ ማለትም ወደ ምዕራብ የሚያይ ከሆነ የከሰዓቱ ፀሐይ ጠቆር ያለውን ቀለም ቶሎ ያደበዝዘዋል፣ እንጨቱንም ይሰነጥቀዋል። እንዲያ ከሆነ አንድ ደረጃ ፈካ አድርጊው። ሁለት ቁራጭ ጣውላ በሁለት ዓይነት ቀብተሽ ግድግዳው ላይ አስደግፊና ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይና ከሰዓት አስር ሰዓት ላይ ከመንገድ ማዶ ቆመሽ እዪያቸው። ሱቅ ውስጥ ባለ መብራት የተመረጠ ቀለም ስንቱን አጣልቷል!

ሀዋሳ ነንና የወባ ትንኝ ነገር አይረሳ። ወንፊት ሽቦውን በውስጥ በኩል አድርጊው፤ በውጭ ከሆነ ክፈፉን ይሸፍነዋል፣ አቧራም ይይዛል። ብረት ፍርግርግ አለሽ? ፎቶው ላይ አልታየኝም። ካለ ከአራቱ አንዱ እንኳ ከውስጥ የሚከፈት ይሁን፤ እሳት ቢነሳ በየት ይወጣል?

እንዲሁም ቤታችሁ ዋና መንገድ ዳር ከሆነ ቀለም ከመግዛትሽ በፊት ማዘጋጃ ቤት ጎራ በዪ። የኮሪደር ልማት ሀዋሳም ስለደረሰ መንገድ ዳር ያለ ቤት ምን ዓይነት ቀለም እንዲቀባ የሚጠየቅበት ቦታ አለ። ሁለት ጊዜ ከመቀባት አንድ ጊዜ መጠየቅ ይሻላል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። አንድ ሰው በባጃጅ ሲያልፍ ቤትሽን ስንት ጊዜ ያየዋል? ባጃጁ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ቢሄድ በአንድ ሰከንድ ከ5 ሜትር በላይ ይጓዛል። የቤትሽ ፊት 10 ሜትር ቢሆን ሁለት ሰከንድ እንኳ አይሞላም! ለዚያ ሁለት ሰከንድ ነው እናትሽን ያስከፋሻቸው። ሽማግሌዎቹስ? እነሱ ገብተው ይቀመጣሉ፤ የሚያዩትም መስኮቱን ከውስጥ ነው። ጨዋታ ሲጀመር ደግሞ «ይህን ቤት ማን ሰራው?» ብለው መጠየቃቸው አይቀርም። አክስትሽ ቤት ይህ ጥያቄ ቢነሳ ምን ትመልሻለሽ?

ዛሬውኑ ለልጁ «ሽማግሌዎቹ እኛ ቤት ነው የሚመጡት» በዪው። እሱ ከተከፋ ያኔ ሌላ ደብዳቤ ጻፊልኝ፤ ያ የመስኮት ጉዳይ አይሆንም። ቀጥለሽ እናትሽ ዘንድ ግቢ። «ይቅርታ» ብለሽ ብቻ አትውጪ፤ ሁለቱን ቁራጭ ጣውላ ይዘሽ ግቢና «እማዬ፣ የቱ ይሁን?» በያቸው። ዝም ካሉሽ ቁራጮቹን ሞሶቡ አጠገብ አስቀምጠሽ ውጪ። ምናልባት አባትሽ ሊቀቡት አስበው ያልደረሱበት ቀለም ይኖር ይሆናል። እሱን ከሳቸው በቀር የሚያውቅ የለም።

ጊዜ አለሽ፣ ግን አይተርፍሽም። ደብዳቤሽ እስኪደርሰኝ የጠፋውን ቀንሼ 40 ቀን ያህል ቀርቶሻል። በመጀመሪያው ሳምንት ስንጥቁና የታችኛው ደፍ ይለቅ። ደፉን እስከ 28 ቀን አትንኪው፤ የኔን ፈንጣጣ አስታውሺ። በመሃል ጣውላው ይታረም፣ በብርጭቆ ወረቀት ይለስልስ፣ ይቀባ፣ ይገጠም። ደፉ በአምስተኛው ሳምንት ይቀባል። የቀረውን ጊዜ ለቡናውና ለዳቦው አድርጊው።

አናጢ ካላገኘሽ ጋሼን እልክልሻለሁ፤ ፎቶሽን ካዩ ጀምሮ «ያቺ የዋንዛዋ ልጅ ምን ወሰነች?» እያሉኝ ነው። ፎቶግራፍሽ ጠረጴዛዬ ላይ ነው ያለው። ክፈፉ ሲገጠም ከዚያው ቦታ ቆመሽ ሌላ አንሺና ላኪልኝ፤ ይህችኛዋን በፖስታ እመልስልሻለሁ።